በሳምንት ስምንት ቃል፦ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትንና የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎችን ለሚማሩ የሐዋሳ ተማሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በደብተር ጀርባ የሚጻፍ የቃላት ዝርዝር መልኩ አንድ ነው። ገጹ በማስመሪያ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ፣ በአንድ ማታ 40 ቃል። ማክሰኞ የተጻፈው ዓርብ ሲጠየቅ ግማሹ ጠፍቷል። የተረፈውም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ቦታውን ይስታል። ችግሩ የተማሪው ጭንቅላት ሳይሆን የዝርዝሩ አሠራር ነው። አንድ ቃል ከነማን ጋር እንደሚውል፣ የት እንደሚነገርና የት እንደማይነገር፣ ዘመዶቹ (ከአንድ ሥር የወጡት ቃላት) እነማን እንደሆኑ ካልታወቀ በቀኝ በኩል የተጻፈችው ፍቺ ብቻዋን ብዙ አታራምድም።

እዚህ የሚቀርበው አሠራር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ነው፤ በሳምንት 8 ቃልና 2 የሥነ ጽሑፍ ስያሜ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ በዓሉና የፈተናው ሳምንት ተቀንሶ 30 ሳምንት ቢገኝ 240 ቃል ይሆናል። እያንዳንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ዘመዶቹን አስከትሎ ስለሚመጣ ደግሞ ቁጥሩ ከ600 ያልፋል። በየማታው 40 የሚጽፈው ልጅ በሰኔ በእጁ የሚቀረው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ፦ በሳምንት 1 ኤ4 ወረቀት፣ ባዶ የጫማ ካርቶን፣ እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ እንዲሁም ፍቺውን በቀላል እንግሊዝኛ የሚሰጥ የተማሪ መዝገበ ቃላት። መዝገበ ቃላቱ በወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ ከሆነም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ጫኑ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱን ካርዱ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ቃሉን መምረጥ

የመማሪያ መጽሐፉን ምንባብ መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ሳትከፍቱ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያላወቃችሁትን ቃል በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩበት እንጂ አትቁሙ። ከዚያ ቁጠሩ። በንባብ ጥናት ዘንድ የታወቀው መለኪያ 98 ከመቶ ነው፤ ይኸውም አንባቢው ያለ ረዳት እንዲገባው ከ50 ቃል ከ1 በላይ እንግዳ ቃል መኖር የለበትም ማለት ነው። ከ50ው ውስጥ 5 ወይም 6 ካስመራችሁ ምንባቡ ለብቻ የሚነበብ ሳይሆን ከመምህር ጋር የሚነበብ ነው፤ በግድ ብቻችሁን አትታገሉት።

ከተሰመረባቸው 20 ቃላት 8ቱን የምትመርጡት በሦስት ጥያቄ ነው። በምንባቡ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጥቷል? በባዮሎጂ ወይም በታሪክ መጽሐፍም ሊያጋጥመኝ ይችላል? ዘመድ አለው? ሦስቱንም «አዎ» ያለ ቃል ካርድ ይገባዋል። በአንድ ታሪክ ውስጥ ብቻ የመጣ የመርከብ ዕቃ ስም ወይም የማይታወቅ የዛፍ ዓይነት ግን ለጊዜው ይለፍ።

የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሌላም ምንጭ አላቸው። አቭሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል። በድግግሞሻቸው መጠን በ10 ንዑሳን ዝርዝሮች ተከፍለዋል፤ የመጀመሪያው 60 ቤተሰብ ነው። ተራ የዕለት ተዕለት ቃላት ተቀንሰው የቀሩት በመሆናቸው በየትምህርቱ መጽሐፍ ይገኛሉ። ምንባቡ 8 ቃል ካልሞላላችሁ ከዚህ ሙሉት፤ ዝርዝሩን ብቻ ይዞ መሸምደድ ግን ወደ ደብተር ጀርባው ይመልሳችኋል።

ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ የሚታዩት የባንክ፣ የሆቴልና የድርጅት ሰሌዳዎች፣ ከባጃጅ ጀርባ የሚለጠፉት ጥቅሶችም ቃል ይሰጣሉ። ቃሉን ከዚያ ውሰዱ፤ የፊደል አጻጻፉን ግን ከመዝገበ ቃላት። ሰሌዳ ጸሐፊው ማንንም ሳይጠይቅ አንድ «ኤል» ያጎድላል፣ አንድ «ኢ» ይጨምራል።

መዝገበ ቃላቱን ከመግለጣችሁ በፊት ግምታችሁን ከኅዳጉ ላይ ጻፉ። ለግምት ትልቁ ረዳት የተቃርኖ ቃል ነው፤ «በት»፣ «ኦልዞው»፣ «አንላይክ» የሚሉት ካሉ እንግዳው ቃል በሌላኛው ወገን ያለው የሚታወቅ ቃል ተቃራኒ ነው። ግምታችሁ ስህተት ቢሆንም ጠቃሚ ነው፤ ተሳስቶ የታረመ ቃል ከተነገረ ቃል ይልቅ ይጣበቃል።

ካርዱ

ኤ4 ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት አጥፋችሁ ብትቆርጡት 8 ካርድ ይወጣል። አንድ ወረቀት፣ አንድ ሳምንት።

«ሪላክታንት» የሚለውን ቃል ይዘን ካርዱን እንሥራ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙት አንዳንዶቹ «ዳተኛ» ይሉታል። ይህችን ብቻ የያዘ ተማሪ፣ ሰነፍ ጓደኛውን «ሪላክታንት ተማሪ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ስህተት ነው። ሪላክታንት የሆነ ሰው ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ልቡ አልፈቀደለትም፣ ያመነታል፣ ብዙ ጊዜ ግን እያቅማማም ቢሆን ነገሩን ያደርገዋል። ስለዚህ በካርዱ ላይ የሚጻፈው ፍቺ «ለማድረግ ቅር ያለው፤ የሚያቅማማ» ነው። ከአንዲት ቃል ይልቅ አጭር ሐረግ ጻፉ። መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ቋንቋ ሲዳምኛ ከሆነ ደግሞ በሲዳምኛ ጻፉት፤ በአማርኛ አዙሮ መምጣቱ ትርፍ መንገድ ነው።

በካርዱ ፊት ቃሉን አትጻፉ። ቃሉ የጎደለበት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ በክፍተቱ ላይ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አስቀምጡ። ቃሉን አይቶ ፍቺውን ማስታወስ ቀላል ነው፤ ጽሑፍ ስትጽፉ ግን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፣ ሐሳቡን ይዞ ቃሉን መጥራት።

በጀርባው በኩል ቃሉ በትክክለኛ ፊደሉ ይጻፍ፤ ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው ክፍለ ቃል ይሰመርበት (እዚህ ሁለተኛው ነው፣ «ላክ» የሚለው)። ከሥሩ ያ አጭር ፍቺ። ከዚያ ዘመዶቹ፦ ስሙ «ሪላክታንስ»፣ ተውሳከ ግሱ «ሪላክታንትሊ»። በመጨረሻ ጓደኞቹ፦ ከኋላው «ቱ» እና ግስ ይከተሉታል፤ «ሪላክታንት ዊትነስ» ሲባል ደግሞ መመስከር የማይፈልግ ምስክር ነው።

ፊት ላይ የምትጽፉት ዐረፍተ ነገር የራሳችሁ ይሁን፤ ግን መፈተን አለበት። «ሰውየው ሪላክታንት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ምንም አያስተምርም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በቃሉ ቦታ «ረጅም» የሚለውን አስገቡ። ዐረፍተ ነገሩ ሳይናጋ ከቆመ ቅደዱት። «በአሞራ ገደል ያለው ዓሣ አጥማጅ የማዕበሉን ከፍታ አይቶ ጀልባውን ለመግፋት አቅማማ» የሚል ሐሳብ በእንግሊዝኛ ብትጽፉ ግን «ረጅም» አይገባበትም፤ ማዕበሉ ቃሉን ይጠራዋል።

ስለ ጓደኞቹ ትንሽ እንቆይ፤ ተማሪ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነውና። በአማርኛ ቡና ወፍራምና ቀጭን ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ስትሮንግ» እና «ዊክ» ነው። እኛ ሲጋራ እንጠጣለን፤ በእንግሊዝኛ ሲጋራ አይጠጣም። በእኛ «ስለ» የምትለዋ መስተዋድድ ከውይይት ስለማትለይ «ዲስከስ አባውት» ይጻፋል፤ ትክክሉ «ዲስከስ» ብቻውን ነው፣ ወዲያው የሚወያዩበት ነገር ይከተለዋል። «ላይ አተኮረ» ከሚለው የመጣው «ኤምፋሳይዝ ኦን»ም እንዲሁ ነው፤ «ኦን» ትውጣ። «ከእርሷ ጋር ተጋባ» የሚለው ደግሞ «ማሪድ ዊዝ» ያስብላል፤ በእንግሊዝኛ «ማሪድ ቱ» ነው። እነዚህ ስህተቶች ባለማወቅ የመጡ አይደሉም፤ አማርኛውን በደንብ ከማወቅ የመጡ ናቸው። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ ከቃሉ ጋር የሚሄደው መስተዋድድ በሌላ ቀለም የሚጻፈው።

ካርቶኑ

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሐውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የሰው ልጅ የተማረውን በፍጥነት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነና ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ይህንን በካርድ ሳጥን ወደ ተግባር አወረደው። የጫማ ካርቶናችሁ የዚያ ሳጥን ቀላል ግልባጭ ነው።

ካርቶኑን በሁለት ወፍራም ወረቀት ለሦስት ክፈሉት። አዲስ ካርድ ሁልጊዜ የሚገባው በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ይህ በየቀኑ ይከለሳል። በተከታታይ 3 ቀን በትክክል የተመለሰ ካርድ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እርሱ ረቡዕና እሑድ ብቻ ይታያል። እዚያም በተከታታይ 2 ጊዜ ከተመለሰ ወደ ሦስተኛው ይገባል፤ ይህ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ነው። የተሳሳታችሁት ካርድ የትም ክፍል ቢሆን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ልብ ላይ ይከብዳል፤ ግን ምሕረት አታድርጉ።

በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያው ክፍል ያሉት ካርዶች ከ24 ካለፉ የዚያን ሳምንት አዲስ ወረቀት አትቁረጡ፤ ያለውን አራግፉ። ይህን ደንብ የጣሱ በአብዛኛው በሁለተኛው ወር ካርቶኑን አልጋ ሥር ያስገቡታል።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ መልሱን ሳይናገሩ ካርዱን መገልበጥና «አዎ፣ አውቀው ነበር» ማለት። መልሱን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ ወይም ጻፉት፣ ከዚያ ግለጡ። ሁለተኛ፣ ካርዶቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ማየት፤ ያኔ የምታስታውሱት ቃሉን ሳይሆን ተራውን ነው። እንደ ካርታ በውዟቸው። ሦስተኛው የድምፅ ነገር ነው። አማርኛ ክፍለ ቃሎቹን ሁሉ በእኩል ጫና ስለሚጠራ እንግሊዝኛውንም ደልደል አድርገን እናነበዋለን። «ፎቶግራፍ» የመጀመሪያው፣ «ፎቶግራፈር» ሁለተኛው፣ «ፎቶግራፊክ» ሦስተኛው ክፍለ ቃል ላይ ነው የሚጠብቀው። ቃሉን በወረቀት እያወቃችሁ በሬዲዮ ሲነገር የማትሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርና ቅጥያ

ግእዝና አማርኛ የሚያውቅ ሰው የቃል ሥር አያስቸግረውም፤ ጻፈ፣ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት ሲደረደሩ አንድ ቤት መሆናቸውን ያያል። እንግሊዝኛው ከላቲን የወሰደው «ስክሪፕት» ወይም «ስክራይብ» ትርጉሙ ይኸው መጻፍ ነው። ትራንስክሪፕት ሁሉም ተመራቂ ያውቃታል፤ ከእርሷ ተነሥታችሁ ማኑስክሪፕት (በእጅ የተጻፈ)፣ ፕሪስክራይብ (ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ)፣ ኢንስክሪፕሽን (በድንጋይ ላይ የተቀረጸ) ትደርሳላችሁ። «ስፔክት» ማየት ነው፤ ኢንስፔክተር፣ ስፔክቴተር፣ ፐርስፔክቲቭ። በሳምንት አንድ ሥር በቂ ነው፤ ባዶ ካርድ ላይ ሥሩን መሐል ጽፋችሁ ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጡ።

ግን ሥር ግምት ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። «ኢን» የምትለዋ ቅጥያ አሉታዊ ናት ብሎ የተማረ ልጅ «ኢንቫልዩአብል» ሲያይ «ዋጋ ቢስ» ይላል። ተቃራኒው ነው፤ ዋጋው የማይተመን፣ ማለትም እጅግ ውድ። በአማርኛም «ዋጋ የሌለው» እና «ዋጋ የማይገኝለት» ሁለቱም አሉታ ይዘው ሰማይና ምድር ናቸው። «ኢንፍላመብል»ም «የማይቀጣጠል» ማለት አይደለም፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፣ በጋዝ ሲሊንደር አጠገብ ይህን ማሳሳት ከውጤት በላይ ያስከፍላል። «ክሮኒክ» ደግሞ ከጊዜ ሥር የመጣ ስለሆነ ትርጉሙ «ከባድ» ሳይሆን «ሥር የሰደደ፣ የቆየ» ነው።

የቃል ቀለም

ከፍ ወዳለው ደረጃ ሲደረስ ፍቺ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው፤ የቀረው ቃሉ ማመስገኑን ወይም መንቀፉን ማወቅ ነው። በአማርኛ ሸንቃጣ፣ ቀጭን፣ ከሲታ አንድን ሰው በሦስት ዓይን ያዩታል። በእንግሊዝኛም «ስሌንደር»፣ «ቲን»፣ «ስኪኒ» እንዲሁ ናቸው። ገንዘብ ላይ ስንመጣ «ትሪፍቲ» እና «ፍሩጋል» ቆጣቢ ናቸው፤ «ስቲንጂ» እና «ማይዘርሊ» ደግሞ ቋጣሪና ንፉግ። እንዲህ ያሉ ቃላትን ለየካርዳቸው አትበትኗቸው፤ በአንድ ካርድ ላይ ከምስጋና እስከ ነቀፌታ በመስመር ደርድሯቸው።

ሁለተኛው ቀለም የማዕረግ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ላቲን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የምሁራን ነበር። ለዚህ ነው ለአንድ ሐሳብ ሦስት ቃል የሚገኘው፦ «አስክ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ፣ «ኩዌስሽን» በፈረንሳይኛ በኩል፣ «ኢንተሮጌት» ከላቲን። እየከበደ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ገበያ ላይ «አለቀ» የምንለውን የብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ «ተፈጸመ» እንደምንለው ማለት ነው። እናቱን «ኢንተሮጌት አደረግኳት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ቤቱ ገብቷል።

የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች

እዚህ መልካም ዜና አለ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማራችሁት ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ሲመሊ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፣ ሜታፎር ተለዋጭ ዘይቤ፣ ፐርሶኒፊኬሽን ሰውኛ፣ ሃይፐርቦሊ ግነት፣ አይረኒ ምጸት። ፎርሻዶዊንግ ንግር፣ ፍላሽባክ ምልሰት፣ ሰስፔንስ ልብ ሰቀላ፣ ቲም ጭብጥ። ሴቲንግ «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት መቼት ነው፤ ፓራዶክስ ደግሞ ከ«አይ» እና «አዎ» የተሠራው አያዎ። በየስያሜው ካርድ ላይ የአማርኛውን ስም፣ አንድ የአማርኛ ምሳሌና አንድ የእንግሊዝኛ ምሳሌ ጻፉ፤ መጀመሪያ የአማርኛውን።

አነባበባቸውን አስቀድማችሁ ያዙ። ሲመሊን «ስማይል» ብሎ የሚያነብ አለ። ሃይፐርቦሊም በሁለተኛው ክፍለ ቃል ይጠብቃል፣ መጨረሻው «ሊ» ነው፤ «ሃይፐርቦል» አይደለም።

አሁን የሚምታቱትን ጥንዶች እንለያይ። በአሞራ ገደል ዳር የዓሣ ሆድቃ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ዐስቡ። «አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኞች ቆመዋል» ካላችሁ ሲመሊ ነው። «ጡረተኛ ዳኞቹ ሆድቃ ይጠብቃሉ» ብላችሁ ወፎቹን ካልጠራችሁ ሜታፎር ሆነ። በእንግሊዝኛ ሲመሊን «ላይክ» እና «አዝ» ይጠቁሙታል፤ ግን «ላይክ» ያለበት ሁሉ ሲመሊ አይደለም። «ዓሣ እወዳለሁ» ውስጥ ያለው «ላይክ» ግስ ነው፤ «ልጁ አባቱን ይመስላል» የሚለውም እውነተኛ መመሳሰል እንጂ ዘይቤ አይደለም። ዘይቤ ለመሆን ሁለቱ ነገሮች ከተለያየ ዓለም መምጣት አለባቸው።

አይረኒ ሦስት ዓይነት ነው፤ ተማሪው ግን ያልተጠበቀ ነገር ሁሉ አይረኒ ይመስለዋል። ብርጭቆ የሰበረን ልጅ «ጎበዝ!» ማለት የቃል ምጸት ነው። ከዝናብ ለማምለጥ ወደ ጀልባ የሮጠው ሰው ሐይቁ ውስጥ ቢወድቅ የሁኔታ ምጸት ነው፤ ያመለጠበት መንገድ ራሱ ወደ ሸሸው ነገር ስላደረሰው። ድራማዊው ምጸት ደግሞ ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩ ሳያውቅ ሲቀር ነው፤ ከበሩ ጀርባ ሰው መደበቁን እያየን እርሱ እያፏጨ ሲገባ። በፒያሳ ሁለት ጓደኛሞች ሳይቀጣጠሩ ቢገናኙ ግን አጋጣሚ ነው፣ በቃ።

ፕሮታጎኒስት ላይ የፊልም ቤት ቋንቋችን ያሳስታል። እኛ «አክተሩ አይሞትም» ስንል ዋናውን፣ ጥሩውን ሰው ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ አክተር ተዋናዩ ነው፤ ታሪኩ የሚከተለው ዋና ገጸ ባሕርይ ፕሮታጎኒስት ይባላል። ደግ መሆንም አይጠበቅበትም፤ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ፕሮታጎኒስት ሊሆን ይችላል። መሞትም ይችላል።

ቶንና ሙድም ይምታታሉ፤ ቶን የጸሐፊው አመለካከት ነው፣ ሙድ በአንባቢው ላይ የሚያርፈው ስሜት። ርዕሰ ጉዳይና ጭብጥ ደግሞ በልካቸው ይለያሉ፦ «ስደት» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ «ስደት የሄደውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ይለውጣል» ጭብጥ ነው። ጭብጥ ሁልጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ሚቶኒሚ የቅርብ ነገርን ስም መዋስ ነው፣ «አራት ኪሎ ምን ወሰነ?» እንደምንለው፤ ሲኔክደኪ ክፍሉን ለሙሉው መጥራት፣ «ስንት አፍ ታስተዳድራለህ?» ሲባል። ኦክሲሞሮን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተጻራሪ ቃላት ናቸው፤ ፓራዶክስ ግን ሙሉ አባባል ነው።

አሊተሬሽን፣ ማለትም ተከታታይ ቃላት በአንድ ድምፅ መጀመራቸው፣ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም። «ሲቲ» እና «ካት» ሁለቱም በ«ሲ» ፊደል ይጀምራሉ፣ አይገጥሙም። «ፎን» እና «ፋየር» ፊደላቸው ይለያያል፣ ይገጥማሉ። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ቃላቱን በግእዝ ፊደል ጻፏቸው፤ ፊደላችን ድምፁን ስለሚጽፍ ወዲያው ይታያል። ሰምና ወርቅን ደግሞ «ሜታፎር» ብላችሁ አትተርጉሙት፤ አንዱ ኅብረ ቃል ሁለት ፍቺ መያዙ ነው መሠረቱ፣ በእንግሊዝኛ የሚቀርበው «ፐን» (በቃል ሁለት ፍቺ መጫወት) ነው፤ ያም ቢሆን ቀልዱን እንጂ ክብደቱን አይሸከምም።

ከስያሜ ወደ ትንታኔ

ዘይቤውን መሰየም መልስ አይደለም፤ የመልስ መጀመሪያ ነው። አንድ መስመር እንውሰድ፦ «ዘ ሌክ ስዋሎውድ ዘ ሰን»፣ ሐይቁ ፀሐይዋን ዋጣት። በሐዋሳ ፀሐይ በሐይቁ ማዶ ስለምትጠልቅ መስመሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። የተለመደው ደካማ መልስ «ይህ ፐርሶኒፊኬሽን ነው፤ ጽሑፉን ሳቢ ያደርገዋል» የሚል ነው። «ሳቢ ያደርገዋል» ለማንኛውም መስመር የሚሆን ስለሆነ ለዚህኛው አይሆንም።

የመለወጥ ፈተና አድርጉ። በ«ስዋሎውድ» ቦታ «ከቨርድ» አስገቡ፤ ሐይቁ ፀሐይዋን ሸፈናት። ምን ጠፋ? መሸፈን ቀስ ይላል፣ የተሸፈነ ነገርም ተመልሶ ይገለጣል። መዋጥ ግን አፍና ጉሮሮ አለው፣ በአንዴ ነው፣ የተዋጠ አይመለስም። ሐይቁ ከፀሐይ ገዝፏል፤ ውበቱ ወደ ፍርሃት ዞሯል። በቀጣዩ መስመር ያልተመለሰ ዓሣ አጥማጅ ከመጣ ደግሞ ያ ግስ ንግር ነበር ማለት ነው። መዋጥ የሰው ብቻ ሥራ ስላልሆነ ሜታፎር ቢባል የበለጠ ያስኬዳል፤ ፐርሶኒፊኬሽን ካላችሁም ምክንያታችሁን አስቀምጡ። መምህር ነጥብ የሚሰጠው ለምክንያቱ ነው።

አንቀጹ ከ80 እስከ 120 ቃል ይበቃዋል፦ አንድ የአቋም ዐረፍተ ነገር፣ ከጽሑፉ የተጠቀሱ ከ2 እስከ 6 ቃላት፣ በአንዲት ቃል ላይ ከላይ እንዳደረግነው ሁለትና ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ ከጭብጡ ጋር የሚያያይዝ አንድ። ረጅም ጥቅስ የሚገለብጥ ተማሪ የራሱን ቦታ ለሌላ ሰው እየሰጠ ነው።

ፈተና ሲቀርብ

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የቃላት ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ምርጫው ደግሞ የተሠራው ለማሳሳት ነው። አራቱን ምርጫዎች በእጃችሁ ሸፍኑ፣ ዐረፍተ ነገሩን አንብቡ፣ በክፍተቱ የራሳችሁን ቃል በማንኛውም ቋንቋ አስገቡ። ከዚያ ግለጡና የሚቀርበውን ፈልጉ። በሰዋስው የማይገባውን መጀመሪያ ሰርዙ፤ ክፍተቱ ቅጽል ከፈለገ ስሙ ይወጣል። ሁለት ከቀሩ በቀለም ለዩአቸው፦ ዐረፍተ ነገሩ እያመሰገነ ነው ወይስ እየነቀፈ? ስለ ሥነ ጽሑፍ ስያሜ ከተጠየቃችሁ ደግሞ በመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ድምፅ፣ ስለ ምስል ወይስ ስለ ታሪክ አወቃቀር መሆኑን ለዩ፤ በዚህ ብቻ ግማሹ ምርጫ ይወድቃል።

ከፈተናው 3 ሳምንት ሲቀር አዲስ ወረቀት መቁረጥ አቁሙ። የሦስተኛውን ክፍል ካርዶች በሙሉ አውጡና በአንድ ዴስክ ሦስት ሆናችሁ ተጠያየቁ፤ አንዱ የካርዱን ፊት ያነባል፣ ሁለተኛው ቃሉን ይጠራል፣ ሦስተኛው በቃሉ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። ዐረፍተ ነገሩ ላይ የተያዘ ካርድ፣ ፍቺው በትክክል ቢመለስም፣ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይገባል። በመጨረሻው ሳምንት የምትከልሱት እዚያ የተጠራቀሙትን ብቻ ነው።